ለወጣት ልብ የሚሆን ስፌት አልባ ቫልቭ ሥሩልን

ይድረስ፦ በአገር ውስጥ ለባዮሜዲካል ኢንጂነሪንግ መምህራንና ተማሪዎች፤ በውጭ አገር ደግሞ የልብ ቫልቭ በሚሠሩ ኩባንያዎችና ላቦራቶሪዎች ውስጥ ላላችሁ ወገኖቻችን

ጉዳዩ፦ ያለ ስፌት የሚተከል የሚትራል ቫልቭ ዲዛይንን ይመለከታል

ጤና ይስጥልኝ።

የፐርፊዥን ባለሙያ ነኝ። የልብ ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ልብ እንዲቆም ይደረጋል። በዚያ ሰዓት ደሙን ተቀብሎ፣ ኦክስጅን ሰጥቶ ወደ ሰውነት የሚመልሰውን ማሽን የምይዘው እኔ ነኝ። ትልቁ የደም ቧንቧ በክላምፕ ሲያዝ ሰዓቱን እመዘግባለሁ። ክላምፑ እስኪፈታ ድረስ የታካሚው ልብ የራሱን ደም አያገኝም። ስለዚህ ስለ ስፌትና ስለ ደቂቃ የምናገረው ከዚያች ማሽን አጠገብ ሆኜ ነው።

ለሐኪሞች ሳይሆን ለእናንተ የምጽፈው አውቄ ነው። ቫልቭ የሚተክለው ሐኪም ነው፤ እንዴት ተጣጥፎ እንደሚገባ፣ በምን እንደሚያዝ፣ ከምን እንደሚሠራ የሚወስነው ግን ባብዛኛው ኢንጂነር ነው። የምለው ነገር አንድ ነው። ዛሬ በገበያ ላይ ያሉት ስፌት አልባ ቫልቮች ለኛ ታካሚ አልተነደፉም። የኛን ታካሚ ከመጀመሪያው ገጽ ላይ አስቀምጦ ዲዛይን የሚጀምር ሰው ያስፈልገናል።

የሚትራል ቫልቭ በግራው ልብ ላይኛና ታችኛ ክፍል መሀል ያለው በር ነው። ሲቀየር ያላያችሁ ትኖራላችሁ። ቀዶ ሐኪሙ የልብን የላይኛውን የግራ ክፍል ይከፍትና የተበላሸውን ቫልቭ ቆርጦ ያወጣል። ከዚያ ክሮቹ ይመጣሉ። ጥንድ ጥንድ ናቸው፤ አንዱ ጥንድ አረንጓዴ፣ ቀጣዩ ነጭ። ቀለሙ የሚፈራረቀው እንዳይምታቱ ነው። በእያንዳንዱ ጥንድ መሀል ትንሽዬ የጨርቅ ቁራጭ አለች፤ ክሩ ሥጋውን እንዳይቀድደው የምትከላከለው እሷ ናት። መርፌው ቫልቩ በነበረበት የሥጋ ቀለበት ዙሪያ ይዞራል። አሥራ ሁለት ጥንድ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ ይበልጣል። ክሮቹ በቁስሉ ዙሪያ ተዘርግተው በመቆንጠጫ ይያዛሉ፤ ከዚያም አንድ በአንድ በሰው ሠራሹ ቫልቭ የጨርቅ ጠርዝ ውስጥ ያልፋሉ። ቫልቩ ክሮቹን ይዞ ወደ ቦታው ይወርዳል። ቋጠሮው የሚጀመረው ገና አሁን ነው። እያንዳንዱ ጥንድ ስድስት ሰባት ጊዜ ይቋጠራል። ከላላ ደም በጎን ያፈሳል። ከጠበቀ ሥጋው ይቀደዳል። እኔ በዚህ መሀል በየ20 ደቂቃው ገደማ ልብን የሚያስተኛውን ቀዝቃዛ የፖታሲየም ፈሳሽ እልካለሁ፣ ስንት ደቂቃ እንደሞላም ጮክ ብዬ እናገራለሁ።

ጡንቻው ደህና የሆነ ልብ ይህን ጊዜ ይችለዋል። የኛ ታካሚ ግን አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ልቡ ሰፍቷል፤ የሳንባው የደም ግፊት ወጥቷል፤ ደረጃ መውጣት ካቆመ ቆይቷል። እንዲህ ያለ ልብ ክላምፕ ሲፈታለት ወዲያው አይነሣም። እኔም ማሽኑን ሳላቆም እጠብቀዋለሁ። ከስፌቱ 20 ደቂቃ ቢቀነስልኝ ለዚህ ልብ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ።

ያለ ስፌት ቫልቭ የመትከል ሐሳብ አዲስ አይደለም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) በ1952 ቻርልስ ሃፍናጀል የተባሉ ቀዶ ሐኪም ዋሺንግተን ውስጥ፣ ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ፣ ኳስ ያለበት የፕላስቲክ ቱቦ ቫልቭ ከልብ ወደ ታች በሚወርደው ትልቁ የደም ቧንቧ ውስጥ አስገቡ። ቫልቩን የያዙት ቧንቧውን ከውጭ የሚያጣብቁ ቀለበቶች ነበሩ። የልብና ሳንባ ማሽን በሰው ላይ የተሳካው በማግሥቱ ዓመት፣ በ1953 ስለሆነ ሃፍናጀል ልብን አቁመው የመስፋት ዕድል አልነበራቸውም።

እኔን ይበልጥ የሚማርከኝ የ1962ቱ ነው። ፒትስበርግ ውስጥ ቀዶ ሐኪሙ ጆርጅ ማጎቨርንና ሃሪ ክሮሚ ጠርዙ ላይ የታጠፉ ጥቃቅን የብረት ፒኖች ያሉት ቫልቭ ሠሩ። ቫልቩ ቦታው ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሐኪሙ መያዣውን ያዞረዋል። ፒኖቹ ከላይና ከታች ወጥተው በቀለበቱ ሥጋ ውስጥ ይሰካሉ። አለቀ። ቋጠሮ የለ፣ ክር የለ። ከ7,000 በላይ ቫልቮች በዚህ መንገድ ተተክለዋል፤ ሰው ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ የሠራም አለ። ታዲያ ለምን ቀረ? አንዳንዱ በጎን አፈሰሰ፣ የደም መርጋትም አስቸገረ። ከዚያ ደግሞ ልብን ተኝቶ እያለ የሚጠብቀው ፈሳሽ ተሻሻለና ደቂቃ የመቆጠብ ጭንቀት ቀነሰ። በሀብታም አገር ያለ ሐኪም ተረጋግቶ መስፋት ሲችል ፒኑን ተወው። በኔ እምነት እዚያ ላይ አንድ ጥሩ መንገድ ሳያልቅ ተቆርጧል።

መንገዱን መልሶ የከፈተው ኒቲኖል ነው። የኒኬልና የታይታኒየም ቅይጥ ነው፤ ተጨምቆ ገብቶ ሲለቀቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል። ፐርሲቫል የሚባለው ቫልቭ የተሠራው በዚህ ብረት ነው። መዝጊያዎቹ ከከብት የልብ ሽፋን የተሠሩ ናቸው። በሰው ላይ የተጀመረው በ2007 ሲሆን አውሮፓ በ2011፣ አሜሪካ በ2016 ፈቅደውታል። ደረት ይከፈታል፣ ልብ ይቆማል፣ የታመመው የአኦርቲክ ቫልቭ (ደም ከልብ ወደ ትልቁ የደም ቧንቧ፣ ወደ አኦርታ፣ የሚወጣበት በር) ተቆርጦ ይወጣል። ከዚያ ሦስት ክሮች ብቻ መንገድ እንዲመሩ ይገባሉ። ቫልቩ በነሱ ላይ ተንሸራቶ ይወርድና ይለቀቃል። ባሉን ውስጡ ለ30 ሰከንድ ይነፋል፤ ሙቅ ውሃ ይፈስበታል፣ ምክንያቱም ኒቲኖሉ በሰውነት ሙቀት ቅርጹን በደንብ ይይዛል። ሦስቱ ክሮች ተመዝዘው ይወጣሉ። ኤድዋርድስ የተባለው ኩባንያ የሠራው ኢንቱይቲ ደግሞ ሦስቱን ክሮች ያስራቸዋል፤ ከቀለበቱ በታች ያለውን የብረት ቀሚስ በባሉን ያሰፋዋል።

ልዩነቱ በምርመራ ታይቷል። 910 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። ፐርሲቫል የገባላቸው ክላምፕ ላይ የቆዩት በአማካይ 48 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የተሰፋላቸው 65 ደቂቃ ገደማ። በአንድ ዓመት ውስጥ የደረሱት ዋና ዋና ጉዳቶች ሲታዩ ስፌት አልባው አላነሰም። ነገር ግን ፔስሜከር (ልብን በኤሌክትሪክ የሚያስመታ የሚተከል መሣሪያ) ያስፈለጋቸው ከስፌት አልባዎቹ ከ100 ወደ 11 ሰው ሲሆኑ፣ ከተሰፉት 4 እንኳ አልሞሉም። ብረቱ ወደ ውጭ ሲገፋ የልብን ምት የሚያስተላልፈውን መስመር ይጫነዋል። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። በሚኒያፖሊስ ወይም በሚላኖ ፔስሜከር በሳምንቱ ይገባል። እኛ ጋ ፔስሜከር ራሱ የሚለመን ዕቃ ነው፤ ባትሪው ሲያልቅ የሚቀየርበት ቦታም ከወረዳ ሩቅ ነው። ለእናንተ በሠንጠረዥ ላይ አንድ መስመር የሆነች ቁጥር እዚህ የአንድ ቤተሰብ መከራ ትሆናለች።

በነገራችን ላይ፣ አንዳንድ ታካሚ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ቫልቩ ከምን እንስሳ እንደሆነ ነው። የአሳማ ቫልቭ መኖሩን ሰምቷል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ይጠይቃል። ከከብት ነው ሲባል ፊቱ ይፈታል። ዲዛይን ስትጀምሩ ይህንንም ጻፉት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እነዚህ ቫልቮች የተነደፉት ለአኦርቲክ ቫልቭ ነው። ታካሚያቸው ባብዛኛው ከ70 ዓመት ያለፈ ሰው ነው፤ ቫልቩ በዕድሜ ብዛት ካልሲየም ጠጥሮበታል። ከእግር የደም ሥር ተነሥቶ የሚገባው ቫልቭም፣ አለን ክሪቢዬ በ2002 ፈረንሳይ ሩዋን ከተማ ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ የተከሉት፣ የሚይዘው ያንን ጠጣር ካልሲየም ተደግፎ ነው።

የኛ ታካሚ ሌላ ሰው ነው። አሥራ ምናምን ዓመት ወይም ሃያዎቹ ውስጥ ነው፤ ሴቶቹ ይበዛሉ። ልጅ ሆነው ጉሮሯቸውን ታመሙ፣ ቶንሲል ነው ተብሎ ታለፈ፣ ጉንፋን መስሎ ሄደ። ባክቴሪያውን ለመዋጋት የተነሣው የሰውነት መከላከያ የልብን ቫልቭ አብሮ ደበደበው። ሩማቲክ የልብ ሕመም የምንለው ይህ ነው። በዓለም ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው አብሮት ይኖራል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2018 ስለዚሁ በሽታ ውሳኔ አሳልፏል። እኛ አገር ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ማዕከል ከፍቶ በ2009 ሥራ ጀመረ። ተራ የሚጠብቀው ሰው ዛሬም በሺዎች ነው። በሽታው ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚመታው ሚትራሉን ነው።

የሚትራል ቫልቭ ለስፌት አልባ ዲዛይን አስቸጋሪ ነው። ቀለበቱ ክብ አይደለም፣ ጠፍጣፋም አይደለም፤ ልብ በመታ ቁጥር ቅርጹ ይለዋወጣል። የሚሸከመውም ከፍተኛውን ግፊት ነው፤ የግራው ልብ ሲጨመቅ ቫልቩ ተዘግቶ ያን ሁሉ ኃይል ይቀበላል። አጠገቡ ደም ወደ አኦርታ የሚወጣበት መንገድ አለ። ረጅም የብረት አጥር ወደ ታች ካስገባችሁ ያንን መውጫ ትዘጋላችሁ። ወጣት ልብ ላይ ደግሞ ቀለበቱ ብዙ ጊዜ ለስላሳ ነው። በመግፋት ኃይል ብቻ የሚያዝ ብረት ካልሲየም ከሌለ የሚደገፈው የለውም፤ ጭቃ ግድግዳ ላይ እንደተመታ ምስማር ነው። እንዳይንሸራተት ብላችሁ ብታሰፉት ቀለበቱን ይለጥጣል፣ የምት መስመሩንም ይጫናል።

ሌሎች በምን እንደያዙት እዩ። ጄናቫልቭ ለሚያፈስ የአኦርቲክ ቫልቭ ተብሎ የታካሚውን የራሱን መዝጊያዎች የሚጨብጥ ቅንጥብ ሠራ፤ ካልሲየም አያስፈልገውም። ለኛ ሚትራል ግን ይህ በቀጥታ አይሆንም። በሩማቲክ የተጎዱ መዝጊያዎች ወፍረዋል፣ አጥረዋል፣ ጠርዝ ለጠርዝ ተጣብቀዋል፤ የሚጨበጥ ትርፍ የላቸውም። ቴንዳይን የተባለው የሚትራል ቫልቭ በ2020 አውሮፓ ውስጥ ተፈቅዷል። ከቫልቩ የተነሣ ገመድ በልብ ጡንቻ ውስጥ አልፎ ውጭ ጫፉ ላይ ባለ ትንሽ ንጣፍ ይታሰራል። ብልህ ሐሳብ ነው። እሱም ቢሆን የተነደፈው ቀዶ ሕክምና ለማይችል ትልቅ ሰው ነው እንጂ ገና ብዙ ዘመን ለሚቀረው ልጅ አይደለም። እኔ ብጠየቅ ወደ ማጎቨርን ፒኖች ተመለሱ እላለሁ። ደረት ከተከፈተና ሐኪሙ ቀለበቱን በዓይኑ እያየ ከሆነ በኒቲኖል የተሠሩ፣ ወደ ውጭ ሳይገፉ ሥጋውን የሚነክሱ አጫጭር ፒኖች መሞከር አለባቸው። የምት መስመሩ የሚያልፍበትን ጥግ ፒን አልባ ማድረግም ይቻላል። መሳሳት እችላለሁ፤ እናንተ ለኩትና ንገሩኝ።

መያዣው ግማሽ ጥያቄ ነው። ሌላው ግማሽ የመዝጊያው ዕድሜ ነው። ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ያህል፣ በዓመት ወደ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ዓለም አቀፉ የቫልቭ መለኪያ ከእንስሳ ሥጋ የሚሠራ ቫልቭ በማሽን ላይ 200 ሚሊዮን ጊዜ፣ ጠንካራው የብረት ቫልቭ 400 ሚሊዮን ጊዜ ተከፍቶ ተዘግቶ እንዲፈተን ይጠይቃል። የመጀመሪያው አምስት ዓመት፣ ሁለተኛው አሥር ዓመት ማለት ነው። የ16 ዓመት ልጅ 66 ዓመት እንዲሞላት ከፈለግን ቫልቩ 2 ቢሊዮን ጊዜ መክፈትና መዝጋት አለበት። የከብት ሥጋ በወጣት ሰውነት ውስጥ ቶሎ ይጠጥራል። የብረቱ ይቆያል፤ ዋጋው ግን ዕድሜ ልክ ደም እንዳይረጋ የሚከላከለው መድኃኒት፣ ዋርፋሪን፣ ነው። ዋርፋሪን ማለት በየጊዜው የደም ምርመራ ነው። ምርመራው በሌለበት ወረዳ የምትኖር ልጅ ወይ ደሟ ይረጋል ወይ ይፈሳታል። ስታረግዝ ደግሞ መድኃኒቱ ጽንሱን ይጎዳል። ለዚህ ነው ሦስተኛ መንገድ፣ እንደ ሥጋ የሚታጠፍ እንደ ብረት የሚቆይ ፖሊመር፣ ከስፌት አልባው መያዣ ጋር አብሮ እንዲታሰብ የምለምነው።

ይህን ያሰቡ ሰዎች በአህጉራችን አሉ። ኬፕታውን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በፕሮፌሰር ፒተር ዚላ አካባቢ ያለው ቡድን ስትሬት አክሰስ ቴክኖሎጂስ የሚባል ኩባንያ አቋቁሟል። ሥራቸው ለሩማቲክ ታካሚ የሚሆን፣ ውድ የራጅ ክፍል በሌለበት ሆስፒታል የሚገባ ቫልቭ ነው። ባሉናቸው መሀሉ ክፍት ነው፤ ሲነፋ ደም በውስጡ ያልፋል፣ ስለዚህ ልብን በፍጥነት እያስመቱ ደሙን ማስቆም አያስፈልግም። ማን ታካሚያቸው እንደሆነ ከመጀመሪያው ስለወሰኑ ነው እዚህ ዲዛይን የደረሱት።

ሕንድንም እዩ። ትሪቫንድረም ባለው የስሪ ቺትራ ተቋም ዶክተር ቫሊያታንና ኢንጂነሮቻቸው የራሳቸውን ቫልቭ ለመሥራት ዓመታት ፈጁ። ቀደምት ሞዴሎቻቸው በሙከራ ወድቀዋል። ያለፈው ቫልቭ የኮባልት ቅይጥ ቤትና የፖሊኢትሊን ዲስክ ያለው ነው። በ1990 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ተተከለ። ከውጭ ከሚገባው በብዙ ይረክሳል፤ እስካሁን ከ100,000 በላይ ሰው ውስጥ ገብቷል። የሚሰፋ ቫልቭ ነው፣ ስፌት አልባ አይደለም። የምጠቅሰው ድሃ የተባለ አገር ይህን ሥራ እንደሠራ እንድታውቁ ነው።

"መከላከል አይሻልም ወይ?" የሚለኝ አለ። ይሻላል። የልጅ ጉሮሮ በጊዜ ቢታከም፣ የታመመው በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌውን ባያቋርጥ እኔ ሥራ ባጣ ደስታዬ ነው። ቫልቩ መጠገን ከቻለም ጥገና ይቀድማል። ዛሬ ወረፋ ላይ ያለው ሰው ግን መከላከሉ አልፎታል፤ የብዙዎቹም ቫልቭ ለጥገና አይሆንም።

አሁን የምጠይቀውን ልናገር። በውጭ ላላችሁ፦ ሚኒሶታ ውስጥ ብዙ ወገን አለ፤ ሜድትሮኒክ እዚያ ነው፣ ባለ ሁለት ክንፉ የሴንት ጁድ ቫልቭም በ1977 መጀመሪያ የተተከለው እዚያው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። የአዲስ ቫልቭ መስፈርት ሲጻፍ የምትቀመጡ ሰዎች ታካሚው ማን እንደሆነ በሚጻፍበት መስመር ላይ "ሩማቲክ ሚትራል፣ ከ30 ዓመት በታች፣ ካልሲየም የሌለው" የሚል እንዲገባ ጠይቁ። ባይቀበሏችሁ እንኳ ጥያቄው ቃለ ጉባኤ ላይ ይስፈር።

በአገር ውስጥ ላላችሁ፣ በተለይ አዲስ አበባና ጅማ፦ ቫልቭ ፋብሪካ ክፈቱ አላልኩም። መጀመሪያ የሚያስፈልገው ልኬት ነው። የኛ ወጣቶች የሚትራል ቀለበት ልብ ሲጨመቅና ሲፈታ ስንት በስንት ነው? ከቀለበቱ እስከ አኦርታ መውጫ ስንት ሚሊሜትር አለ? ይህ ሁሉ በየቀኑ በሚነሡ የኤኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ምስሎች ውስጥ አለ። በሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ፣ ስም ተሰርዞ፣ አንድ ላይ ይሰብሰብ። ከሱ ላይ የሲሊኮን ቀለበት መቅረጽ፣ ከፓምፕ ጋር አያይዞ ልብን የሚመስል መሞከሪያ መሥራት ለአንድ የመመረቂያ ቡድን የሚከብድ አይደለም። ባሕር ዳር ያለው የጨርቃ ጨርቅ ተቋምም ይግባበት፤ የቫልቭ ቀሚስ የሚሠራው ከፖሊስተር ጨርቅ ነው፣ ክር የሚጎትት መለኪያ ማሽንም እነሱ ጋ አለ።

የመጨረሻው ልመናዬ ይኸው ነው። ቫልቭ ስንቀይር ቆርጠን የምናወጣው የታመመ መዝጊያ ከጠርዙ ሥጋ ጋር ለምርመራ ካልተፈለገ ይጣላል። ታካሚው ከፈቀደ ይህ ሥጋ ለእናንተ ላቦራቶሪ ይድረስ። በዚያ ላይ የተሰካ አንድ ሚሊሜትር ተኩል ፒን ስንት ኒውተን ሲጎተት ይለቃል? በየስንት ማዕዘን ቢሰካ ይሻላል? የ15 ዓመቱ ሥጋ ከ25 ዓመቱ ይለያል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የሚመልስ አንድ ሠንጠረዥ ይዛችሁ ኑ፤ ከቀዶ ሐኪሞቹ ጋር የማገናኛችሁ እኔ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የፐርፊዥን ባለሙያ